ክለቡ ዋንጫ አገኘ፣ ከተማውስ? የኒውካስል ዩናይትድ ሽያጭ

ይህን ጉዳይ ለምን መረጥኩት

ኦክቶበር 7 ቀን 2021 በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ በምትገኘው ኒውካስል ከተማ፣ ሴንት ጀምስ ፓርክ ስታዲየም በር ላይ ሺዎች ተሰብስበው ይዘፍኑ ነበር። የዚያን ቀን ጨዋታ አልነበረም። ዋንጫም አልመጣም። እንዲያ የሚጨፍሩት ክለባቸው ስለተሸጠ ነው። የገዛው ደግሞ በሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት የኢንቨስትመንት ፈንድ የሚመራ የባለሀብቶች ቡድን ነው። አንዳንዱ ፎጣ እንደ ዓረብ ሻሽ ራሱ ላይ ጠምጥሟል፣ ሌላው የሳዑዲን ባንዲራ ያውለበልባል።

እኔ ያን ምስል ያየሁት አዲስ አበባ ሆኜ በስልኬ ነው። ኳስ እወዳለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ከዲኤስቲቪ ቤት አልጠፋም። ከሰፈሬ ሪያድና ጅዳ ለቤት ሠራተኝነት የሄዱ እህቶችንም አውቃለሁ። ሠርተው ቤተሰባቸውን ያቆሙ አሉ፣ ተሰብረው የተመለሱም አሉ። ስለዚህ ያን ጭፈራ እንደ ኳስ ወዳጅ ብቻ ማየት አልቻልኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉዳዩን እከታተለዋለሁ፤ አሁን ቁጭ ብዬ ልጽፈው የወሰንኩት ከሽያጩ አራት ዓመት ስላለፈና የሠራውንና ያልሠራውን ለይቶ ማየት ስለተቻለ ነው።

ጥያቄዬ ቀላል ነው። ድሃ በሚባል ክልል ያለ ክለብ በውጭ ገንዘብ ሲገዛ ያ ገንዘብ የት ድረስ ይደርሳል? ክለቡ ውስጥ ይቀራል ወይስ ወደ ከተማው ይወርዳል?

ሰዎችን በስም አልጠራም። ባለቤቱም፣ አሰልጣኙም፣ ተጫዋቹም በሥራ ድርሻቸው ይታወቃሉ። ክለቡን፣ ከተማውንና ድርጅቶቹን ግን ደብቆ ስለዚህ ጉዳይ መጻፍ አይቻልም። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዳራ፦ ማሊያው ላይ የተጻፈ ታሪክ

ኒውካስል የድንጋይ ከሰልና የመርከብ ከተማ ነበረች። ታይን ወንዝ ዳር የተሠሩ መርከቦች ዓለምን ዞረዋል። ሥራው ሲጠፋ ግን የሚተካው አልመጣም። በ1936 እዚያው ታይን ዳር ካለችው ጃሮ የመርከብ ፋብሪካቸው የተዘጋባቸው 200 ወንዶች ሥራ ስጡን ለማለት እስከ ለንደን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በእግራቸው ተጉዘዋል። በ1980ዎቹ ደግሞ የከሰል ማዕድኖቹ በተራ በተራ ተዘጉ። ዛሬ የለንደን የነፍስ ወከፍ ምርት ከሰሜን ምሥራቁ እጥፍ በላይ ነው። በክልሉ ከሦስት ሕፃናት አንዱ ገደማ በድህነት ውስጥ ያድጋል። በአንድ አገር፣ በአንድ ባንዲራ ሥር።

የከተማዋን ታሪክ በአጭሩ ማወቅ የሚፈልግ ሰው የኒውካስልን ማሊያ ደረት ይመልከት። በ1990ዎቹ እዚያ ላይ የነበረው ስታዲየሙ አጠገብ ይጠመቅ የነበረው የኒውካስል ብራውን ኤል ቢራ ነው። የቢራ ፋብሪካው በ2005 ተዘጋ፣ ቢራውም በኋላ ከክልሉ ውጭ ይጠመቅ ጀመር። ከዚያ ኖርዘርን ሮክ መጣ፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚያው ኒውካስል የሆነ ባንክ ነው። በሴፕቴምበር 2007 ሰዎች ገንዘባቸውን ለማውጣት በየቅርንጫፉ ተሰለፉ። እንግሊዝ ከመቶ ዓመት በላይ እንዲህ ያለ ነገር አላየችም ነበር። በፌብሩዋሪ 2008 ባንኩን መንግሥት ወረሰው።

ከ2013 ጀምሮ ማሊያው ላይ የተጻፈው ዎንጋ ነው። ዎንጋ ደመወዝ እስኪደርስ ለተቸገረ ሰው የሚያበድር ድርጅት ነበር። ወለዱ በዓመት ሲሰላ ከ5,000 በመቶ በላይ ይሆናል። የክለቡ ሙስሊም አጥቂ በሃይማኖቱ ምክንያት ያንን ማሊያ አልለብስም ብሎ ነበር፣ በመጨረሻ ግን ለበሰው። ከ2017 ደግሞ የቁማር ድርጅት ተተካ። በየመሀሉ ሌሎች ስሞችም አልፈዋል፤ ዋናው መስመር ግን ይኸው ነው። ቢራ፣ ባንክ፣ አራጣ፣ ቁማር። መጀመሪያ የአካባቢው ሰው ያመረተው ነገር ነበር፣ መጨረሻ ላይ የአካባቢውን ሰው ኪስ የሚጠብቅ ነገር ሆነ።

ክለቡን በ2007 ወደ 134 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሎ የገዛው በስፖርት አልባሳት ንግድ የከበረ እንግሊዛዊ ነው። 14 ዓመት ያዘው። በነዚያ ዓመታት ክለቡ ሁለት ጊዜ፣ በ2009 እና በ2016፣ ወደ ታችኛው ሊግ ወርዷል። በ2011 የስታዲየሙን ስም በሱቁ ስም ቀይሮት ነበር። 52,000 ሰው የሚይዘው ስታዲየም ግን በአብዛኛው ይሞላል። ሰው እየተናደደም ይመጣል። ይህን የኛም ደጋፊ ያውቀዋል።

በዚያው ጊዜ የከተማው ምክር ቤት ከ2010 ወዲህ በቁጠባ ምክንያት ከ300 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ከአገልግሎቱ ላይ ቆርጧል። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ችግሩ

ባለቤቱ ሊሸጥ ይፈልጋል፣ ደጋፊው እንዲሸጥ ይፈልጋል፣ ገዢ የለም። በኤፕሪል 2020 የሳዑዲው ፈንድ ያለበት ቡድን ለመግዛት ማመልከቻ አቀረበ። ፕሪሚየር ሊጉ ማንኛውንም አዲስ ባለቤት የሚመረምርበት ደንብ አለው። ምርመራው ተጓተተ። አንደኛው ጥያቄ የክለቡ እውነተኛ ባለቤት ፈንዱ ነው ወይስ መንግሥቱ የሚል ነበር፤ የፈንዱን ቦርድ የሚመራው የአገሪቱ አልጋ ወራሽ ነውና። ሁለተኛው የቴሌቪዥን ጉዳይ ነው። የሊጉን የስርጭት መብት ለአካባቢው የገዛው የኳታር ጣቢያ ሳዑዲ ውስጥ ታግዶ ነበር፣ ስርጭቱም እየተሰረቀ ይተላለፍ ነበር። በጁላይ 2020 ገዢዎቹ ማመልከቻቸውን ሳቡ።

የሰብዓዊ መብት ተቋማት በዚህ መሀል ይጮሁ ነበር። በ2018 ኢስታንቡል በሚገኘው የሳዑዲ ቆንስላ ውስጥ የተገደለው ጋዜጠኛ ጉዳይ ገና ትኩስ ነው። አምነስቲ ኢንተርናሽናል ሊጉ የባለቤትነት መመዘኛውን እንዲለውጥ ጠየቀ። ሽያጩን የከፈተው ግን ሌላ ነገር ነው። ሳዑዲ በኳታሩ ጣቢያ ላይ የጣለችውን እገዳ እንደምታነሳ የተሰማው ኦክቶበር 6 ቀን 2021 ነው። ሽያጩ የጸደቀው በማግስቱ ነው። ቅደም ተከተሉን ያየ ሰው ለሊጉ የትኛው ጉዳይ እንደከበደ ለመረዳት አይቸገርም።

ደጋፊውስ? በደጋፊዎች ማኅበር የሕዝብ አስተያየት ከ10 አባላት ከ9 በላይ ሽያጩን ደግፈዋል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ በደጋፊው ላይ ይፈርዳል። እኔ መፍረድ ይከብደኛል። 14 ዓመት የታፈነ ሰው መስኮት ሲከፈትለት ማን ከፈተው ብሎ አይጠይቅም። ጥፋቱ የሚጀምረው ከዚያ በፊት ነው፤ ክለቡን የሕዝብ ነው እያሉ ለአንድ ሰው የሸጡ ጊዜ።

ሌላ መንገድም ተሞክሮ ነበር። ያው ማኅበር በኤፕሪል 2021 ደጋፊው ገንዘብ እያዋጣ ከክለቡ ትንሽ ድርሻ እንዲገዛ ዘመቻ ጀምሮ ነበር። ሐሳቡ ብዙ ገንዘብ ለማግኘት አልነበረም፤ ጠረጴዛው ላይ አንድ ወንበር ለማግኘት ነው። ስድስት ወር ሳይሞላ ትልቁ ገንዘብ መጣና ዘመቻው ያሰበውን ድርሻ ሳያገኝ ቀረ።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ዋጋው 305 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ፈንዱ 80 በመቶ ያዘ። 10 በመቶ ሽያጩን ያቀነባበረችው የእንግሊዛዊት ነጋዴ ኩባንያ፣ ሌላው 10 በመቶ ኒውካስል መሀል ከተማ ቀድሞም መሬትና ሕንጻ የነበረው ሀብታም ቤተሰብ ያዘ። ሊጉ የሳዑዲ መንግሥት ክለቡን እንደማይቆጣጠር በሕግ የሚያስገድድ ማረጋገጫ ተሰጥቶኛል አለ።

ቡድኑ ያኔ ሲኦል ውስጥ ነበር። የውድድር ዘመኑን የመጀመሪያ 14 ጨዋታዎች አንድም አላሸነፈም። በኖቬምበር አዲስ አሰልጣኝ መጣ። በጃንዋሪ 2022 የዝውውር መስኮት ወደ 90 ሚሊዮን ፓውንድ ወጣ። የሚገርመኝ ግን የገንዘቡ መጠን ሳይሆን አገዛዙ ነው። ትልልቅ ስም አላሳደዱም። የተገዙት ልምድ ያለው የቀኝ ተከላካይ፣ ረጅም አጥቂ፣ አንድ ብራዚላዊ አማካይና ከኒውካስል አጠገብ ብላይዝ ከምትባል ከተማ የተወለደ፣ ልጅ ሳለ የክለቡ አካዳሚ ያሰናበተው ተከላካይ ናቸው።

ሌሎቹ ክለቦች ወዲያው ደንብ አወጡ። ከባለቤቱ ጋር ዝምድና ካለው ድርጅት የሚመጣ ስፖንሰር በገበያ ዋጋ ልክ ካልሆነ አይፈቀድም ተባለ። ከ2023 ጀምሮ ማሊያው ላይ ያለው ሴላ የሳዑዲ ድርጅት ነው፤ ውሉ በዚያ ደንብ ተመዝኖ ነው ያለፈው። በ2022 የሴቶቹ ቡድን በክለቡ ሥር ገባ፣ በ2023 ተጫዋቾቹ ሙሉ በሙሉ ባለሙያ ሆኑ።

የሠራው

ሜዳ ላይ የተገኘውን ማሳነስ አልፈልግም። ያ በመጀመሪያ 14 ጨዋታ ድል ያጣ ቡድን 11ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ በፕሪሚየር ሊግ ታሪክ እንዲህ ጀምሮ ያልወረደ ቡድን ከዚያ በፊት የለም። በቀጣዩ ዓመት 4ኛ ሆኖ ከ20 ዓመት በኋላ ሻምፒዮንስ ሊግ ገባ። በኦክቶበር 2023 ፓሪስ ሴንት ዠርማንን 4 ለ 1 ሲረታ ከአግቢዎቹ ሁለቱ የአካባቢው ልጆች ነበሩ።

ማርች 16 ቀን 2025 ዌምብሌይ ላይ በካራባኦ ካፕ (በእንግሊዝ ሊግ ዋንጫ) ፍጻሜ ሊቨርፑልን 2 ለ 1 አሸነፈ። የመጀመሪያውን ጎል ያገባው ያ ከብላይዝ የመጣው፣ በልጅነቱ የተሰናበተው ተከላካይ ነው። ሁለተኛውን ያገባው ከኤርትራውያን ወላጆች ስዊድን የተወለደው አጥቂ ነው፤ እኔ ባለሁበት ዲኤስቲቪ ቤት የኒውካስል ደጋፊ ያልሆነው ሁሉ ለዚያ ልጅ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ለክለቡ ከ1969 ወዲህ የመጀመሪያው ትልቅ ዋንጫ ነው፤ የአገር ውስጡ ዋንጫ ደግሞ ከ1955 ወዲህ። ዋንጫው በከተማው ሲዞር ለማየት የወጣው ሰው ከ300,000 በላይ ተገምቷል። የከተማዋ ነዋሪ ራሱ ያንኑ ያህል ነው።

የሴቶቹ ቡድን በተከታታይ ሁለት ጊዜ አድጎ በ2024 ሁለተኛው እርከን ደረሰ። ገና በአራተኛው እርከን ሳለ ሴንት ጀምስ ፓርክ ላይ ያደረገውን አንድ ጨዋታ 22,134 ሰው አይቶታል። የክለቡ ዓመታዊ ገቢ በ2022 ከነበረበት ወደ 180 ሚሊዮን ፓውንድ በ2024 ወደ 320 ሚሊዮን አድጓል። በደንብ የተመራ ገንዘብ ነው። ለዚህ የሚገባቸውን እሰጣቸዋለሁ።

ያልሠራው

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚበዛው።

መጀመሪያ የገንዘቡ መንገድ። የኳስ ክለብ ስሙ ትልቅ ነው፣ ድርጅቱ ግን ትንሽ ነው። ከገቢው አብዛኛው ለተጫዋች ደመወዝና ለዝውውር ይወጣል። ዝውውር ሲከፈል ገንዘቡ ወደ ስፔን፣ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ሌላ የእንግሊዝ ከተማ ይሄዳል። ለከተማው የሚተርፈው የጨዋታ ቀን ነው፤ ሆቴሉ፣ መጠጥ ቤቱ፣ ታክሲው። ያም ቀላል አይደለም፣ ሻምፒዮንስ ሊግ ሲመጣ ከተማው ይሞላል። ግን የመርከብ ፋብሪካን አይተካም። የጃሮ ሰዎች ለንደን ድረስ የሄዱት ቋሚ ሥራ ፍለጋ ነው፤ ያንን የሚመስል ነገር በዚህ ሽያጭ አልመጣም።

አሁን ወደዚያ ቁጥር ልመለስ። ክለቡ የተሸጠው በ305 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። የከተማው ምክር ቤት ባለፉት ዓመታት ከአገልግሎቱ የቆረጠው ከ300 ሚሊዮን በላይ ነው። አንዱ ገንዘብ ወደ ቀድሞው ባለቤት ኪስ ገባ። ሌላው ከቤተ መጻሕፍት፣ ከወጣት ማዕከል፣ ከአረጋውያን እንክብካቤ ወጣ። ሁለቱ አይገናኙም፣ አንዱ ሌላውን ለመተካት አልታሰበም። ሽያጩ ሰሞን ግን የአካባቢው ፖለቲከኛ ሁሉ ለክልሉ ትልቅ ዕድል ነው እያለ ነበር የሚናገረው።

ሁለተኛ፣ ከኒውካስል ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳችሁ ቲሳይድን እዩ። እዚያ ሳቢክ የሚባል የሳዑዲ ኬሚካል ኩባንያ ፋብሪካ አለው። የሳቢክን 70 በመቶ እስከ 2020 ይዞ የነበረው ይኸው ክለቡን የገዛው ፈንድ ነው፤ በዚያ ዓመት ለአገሩ ነዳጅ ኩባንያ ለአራምኮ በ69 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሸጠለት። ሳቢክ በ2025፣ ዋንጫው ከመጣ ጥቂት ወራት በኋላ፣ ቲሳይድ ያለውን ትልቁን የኬሚካል ማቀነባበሪያ ለዘለቄታው እንደሚዘጋ አስታወቀ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ሥራቸው አደጋ ላይ ወደቀ። ኩባንያው የራሱ የንግድ ምክንያት ይኖረዋል፣ በአውሮፓ የኬሚካል ፋብሪካ የዘጋው እሱ ብቻም አይደለም። ግን ለዚያ ክልል ሰው ነገሩን ጎን ለጎን አስቀምጡት። ከአንድ አገር የመጣ ገንዘብ አጥቂ ይገዛል፣ ፋብሪካ ይዘጋል። ኢንቨስትመንት የሚለው አንድ ቃል ሁለቱንም አይሸፍንም።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ነው። ሊጉ ያኔ አንድ ክለብ በሦስት ዓመት ውስጥ ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንዳይከስር ይከለክል ነበር። ደንቡ የወጣው ክለቦች ከአቅማቸው በላይ ወጥተው እንዳይፈርሱ ነው፣ ዓላማው መልካም ነው። የሒሳብ አሠራሩ ግን የራስህ አካዳሚ ያሳደገውን ልጅ ስትሸጥ ዋጋው በሙሉ እንደ ትርፍ ይቆጠርልሃል ይላል፤ ከውጭ የገዛኸውን ስትሸጥ ግን እንዲያ አይደለም። በጁን 2024 መጨረሻ ሒሳብ መዝጊያው ቀን ሲደርስ ኒውካስል ጉድጓድ ውስጥ ነበር። ከሸጣቸው ሁለት ወጣቶች አንዱ ከልጅነቱ ጀምሮ እዚያው ያደገ፣ የዚያው ባሕር ዳርቻ ልጅ ነበር። ኖቲንግሃም ፎረስት ወሰደው። በቀጣዩ ዓመት ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ተሰለፈ። ባለጸጋ ባለቤት ያለው ክለብ፣ ሰፈሩ ያፈራውን ልጅ ለሒሳብ ሲል ሸጠ። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ይህን አስበው አይመስለኝም፤ ውጤቱ ግን ይኸው ነው።

አራተኛ፣ ስታዲየሙ አካባቢ በጨዋታ ቀን ደጋፊዎች ለምግብ ባንክ የሚያሰባስቡበት ቦታ አለ። የኒውካስል ምዕራብ ሰፈር የምግብ ባንክ በአገሪቱ ካሉት ትልልቆቹ አንዱ ነው። አዲሶቹ ባለቤቶች በመጀመሪያው ክረምት ደጋፊው ካዋጣው ጋር እኩል ለመጨመር ቃል ገብተው ነበር። መልካም ነው። ግን ምጽዋት ነው። ደጋፊዎቹ ቀድሞም የጀመሩት ባለቤቶችን ጠብቀው አልነበረም።

አምስተኛ፣ ማረጋገጫው። በ2023 ፈንዱ ከጎልፍ ውድድር ጋር በተያያዘ አሜሪካ ፍርድ ቤት በሚታይ ክስ ሰነድ እንዲያቀርብ ሲጠየቅ፣ ጠበቆቹ ፈንዱ የሳዑዲ መንግሥት አካል መሆኑን፣ ኃላፊውም በሥልጣን ላይ ያለ የመንግሥት ሹም መሆኑን ጠቅሰው የመንግሥት ያለመከሰስ መብት ጠየቁ። ያ ኃላፊ የኒውካስል ሊቀ መንበር ነው። ለእንግሊዝ ሊግ መንግሥት አይደለንም፣ ለአሜሪካ ዳኛ መንግሥት ነን። ሊጉ በዚህ የተነሳ ያደረገው ነገር በግልጽ አልታየም።

የቲኬቱን ነገር ባጭሩ ልለፈው። ክለቡ ሲያድግ ፈላጊው በዛ፣ የዓመት ትኬት የሌለው ሰው በዕጣ ነው የሚገባው። 14 ዓመት እየተናደደ የመጣው ሰው አሁን ዕጣ ይጠብቃል።

የኛ ሰዎች በዚህ ታሪክ ውስጥ

ማርች 12 ቀን 2022 ሳዑዲ በአንድ ቀን 81 ሰዎችን በሞት ቀጣች። በማግስቱ ኒውካስል ከቼልሲ ተጫወተ። የኒውካስል አሰልጣኝ ተጠይቆ የምመልሰው ስለ ኳስ ብቻ ነው አለ። ያንን ጥያቄ አሰልጣኝ ላይ መጫን ተገቢ አይመስለኝም፣ መልስ ያለባቸው ሊቀመንበሩና ሊጉ ናቸው።

ኦገስት 21 ቀን 2023 ሂዩማን ራይትስ ዎች አንድ ሪፖርት አወጣ። ከማርች 2022 እስከ ጁን 2023 ባለው ጊዜ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን ለመሻገር የሞከሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን እንደገደሉ ይገልጻል። በመሣሪያ ብቻ ሳይሆን በከባድ መሣሪያም ጭምር። ሴቶችና ሕፃናትም ነበሩ። የሳዑዲ መንግሥት አስተባበለ።

ቀኖቹን ልብ በሉ። ያ ጊዜ ኒውካስል ከመውረድ ተርፎ ሻምፒዮንስ ሊግ የገባበት ጊዜ ነው። ሪፖርቱ ከወጣ ሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ በሴፕቴምበር 2023፣ የሳዑዲ ብሔራዊ ቡድን ሴንት ጀምስ ፓርክ ላይ ከኮስታሪካና ከደቡብ ኮሪያ ጋር የወዳጅነት ጨዋታ አደረገ። የኒውካስል ደጋፊ ያን ተኩስ አልተኮሰም። ድንበር ላይ የወደቀው ልጅም የተነሳው ሥራ ከሌለበት ቦታ ነው፤ እንደ ጃሮዎቹ ሥራ ፍለጋ በእግሩ የወጣ ነው። የኛን ልጅና የኒውካስልን ሰው አንድ የሚያደርጋቸው ይህ ነው፣ ሁለቱንም ያስወጣቸው የቀረ ሥራ ነው። ለዚህ ነው ስለ ሽያጩ ስንነጋገር የገንዘቡን ምንጭ የፖለቲከኞች ወሬ ነው ብለን ማለፍ የማይሆንልኝ።

ሊጉ በማርች 2023 የሰብዓዊ መብት ጥሰትን ባለቤትነት ከሚያስከለክሉ ምክንያቶች ጨምሯል። ከሽያጩ ዓመት ከምናምን በኋላ።

ከዚህ የሚወሰድ

ክለብ መግዛትን ክልል ከማልማት ጋር አለማምታታት። የከተማ ኃላፊ ኢንቨስተር መጣ ሲል መጠየቅ ያለበት ስንት ቋሚ ሥራ፣ የት፣ በስንት ዓመት የሚለውን ነው። መልሱ ኳሱን ያነቃቃል ከሆነ ጥሩ፣ ኳሱን ያነቃቃል ተብሎ ይጻፍ። ኒውካስል ላይ ክለቡን የሚመለከተው ተስፋ በአብዛኛው ተፈጽሟል። ክልሉን የሚመለከተው ተስፋ የተጻፈበት አስገዳጅ ውል ግን ለሕዝብ አልታየም፣ ያልተጻፈ ነገር ደግሞ አይጠየቅበትም።

የመደራደር ጉልበት ያለው ከፊርማ በፊት ነው። ደጋፊው ወንበር ማግኘት የነበረበት ክለቡ ፈላጊ አጥቶ በነበረበት ጊዜ ነው፤ ያኔ አንድ ወይም ሁለት በመቶ ድርሻ በርካሽ ይገኝ ነበር። ጀርመኖች ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩትም አብላጫው ድምፅ በአባላቱ እጅ እንዲሆን የሚያስገድድ ደንብ አላቸው። እንግሊዞችም ዘግይተው በጁላይ 2025 የእግር ኳስ አስተዳደር ሕግ አጽድቀው ገለልተኛ ተቆጣጣሪ አቋቁመዋል፤ ክለብ ዓርማውንና የማሊያ ቀለሙን ለመቀየር የደጋፊውን ፈቃድ ይሻል፣ ስታዲየም ለመሸጥም ፈቃድ ያስፈልጋል። 

የወጪ ደንብ የሚያወጣ ሁሉ ደግሞ አካዳሚውን ያስብ። ያሳደግከውን መሸጥ ከገዛኸው የበለጠ የሚያዋጣ ከሆነ ሰፈሩ የሚያፈራውን ልጅ ሒሳብ ሠራተኛው ነው የሚያሰናብተው።

ወደ ራሳችን ስመጣ፣ አብዛኞቹ የፕሪሚየር ሊግ ክለቦቻችን የሚኖሩት በከተማ አስተዳደር፣ በመንግሥት ድርጅት ወይም በሠራዊት ባጀት ነው። ስለዚህ አንድ ቀን የውጭ ገዢ ቢመጣ ሁሉም እልል ይላል፣ እኔም ጭምር። ያኔ ከተጫዋች ዝውውር በፊት መታየት ያለበት መሬቱ ነው። የኒውካስል የቀድሞ ባለቤት ከስታዲየሙ ጀርባ ያለውን ቦታ ለአልሚዎች አስተላልፎት ስለነበር ክለቡ ማስፋፋት ሲያስብ መንገዱ ተዘግቶ አገኘው። አዲሶቹ ባለቤቶች በ2023 እንደገና ገንዘብ ከፍለው ነው ያስመለሱት። ገንዘብ ስላላቸው ሆነላቸው። እኛ ዘንድ የከተማ መሬት በስንት እንደሚሸጥ እናውቃለን፤ ስታዲየም የሚሠራው ደግሞ ብዙ ጊዜ መሀል ከተማ ነው። ስለዚህ ክለብ ሲሸጥ ስታዲየሙና ዙሪያው ያለው ቦታ በከተማው ስም ይቆይ፣ ክለቡ በረጅም ውል ይከራይ። የልጆች ማሠልጠኛውም በስም ተጠቅሶ ውሉ ላይ ይግባ።